ስካኑን ማን ጠየቀ? በሊኑክስ የዋይፋይ መዘግየትን ከምንጩ ማስቆም

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ትንሽ ስለሚመስል፣ ግን ሰው ስለሚያማርር ችግር ነው። ኮምፒውተሩ ሊኑክስ ነው። ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ሲግናሉ ጥሩ ነው፣ ፋይል ስታወርዱ ፍጥነቱ አይታማም። የድምፅ ጥሪ ላይ ስትሆኑ ግን በየተወሰነ ጊዜው ድምፁ ይቆረጥና ተመልሶ ይመጣል። ጌም ላይ ከሆናችሁ ተጫዋቹ ባለበት ደርቆ ይቆይና ዘልሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። በኤስኤስኤች ሌላ ማሽን ላይ የምትሠሩ ከሆነ የጻፋችሁት ፊደል ሳይታይ ይቆይና አንድ ላይ ዱብ ይላል። ከዚያ ሁሉም ሰላም ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ያው ይደገማል።

ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኢንተርኔት አቅራቢውን ነው። ቀጥሎ ራውተሩ ይጠፋል ይበራል፣ ቻናሉ ይቀየራል፣ አንዳንዱም አዲስ ራውተር ይገዛል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ያለው። እናንተ ሥራ ላይ እያላችሁ የዋይፋይ ካርዱ ሌላ ኔትወርክ ሊፈልግ ይወጣል። ከጀርባ የሚደረግ ስካን የምንለው ይህን ነው።

ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ። ስካኑን የሚያደርገው ካርዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በራሱ ተነሥቶ አያደርገውም። ጠይቆ ያስደረገው ፕሮግራም አለ። ለዚህ ችግር የሚሰጡት መፍትሔዎች ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱም ለአንድ ሰው ሠርቷል። ለእናንተ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ጠያቂው ማን እንደሆነ ነው። ስለዚህ ጊዜውን በብዛት የምንጠቀመው ጠያቂውን በመፈለግ ላይ ይሆናል። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል እንደምትጽፏቸው ታውቃላችሁ።

ካርዱ ሲወጣ የሚሆነው

አንድ የዋይፋይ ሬዲዮ በአንድ ጊዜ አንድ ቻናል ላይ ብቻ ነው መሆን የሚችለው። ራውተራችሁ ቻናል 36 ላይ ከሆነ፣ ካርዱ ቻናል 1 ላይ ማን እንዳለ ለማወቅ 36ን መልቀቅ አለበት። ሌላ መንገድ የለውም። በለቀቀበት ቅጽበት ራውተሩ የሚልክለትን አይሰማም፣ እሱም ለራውተሩ መላክ አይችልም።

ታዲያ ፓኬቶቹ፣ ዳታው ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸው ጥቅሎች፣ ለምን አይጠፉም? ካርዱ ከመውጣቱ በፊት ለራውተሩ ባዶ ፍሬም ይልካል። ፍሬሙ ውስጥ ምንም ዳታ የለም፣ ያለው «ልተኛ ነው» የሚል አንድ ቢት ነው። ስልክ እያወራ «ቆይ አንዴ፣ መጣሁ» ብሎ ከመስመሩ ዞር እንደሚል ሰው ማለት ነው። ራውተሩ ይህን ሲሰማ ለእናንተ የመጡትን ፓኬቶች ቋት ውስጥ ያቆያቸዋል። ካርዱ ሲመለስ «ነቅቻለሁ» ይላል፣ የተጠራቀመው ይለቀቃል። ይህ ዘዴ መጀመሪያውኑ የተሠራው ባትሪ ለመቆጠብ ነው፤ ስካን ለራሱ ተውሶታል። ፓኬት ሳይጠፋ መዘግየት ብቻ የምታዩትም ለዚህ ነው፤ የፒንግ፣ ማለትም ለሌላ ማሽን ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ የፈጀውን ጊዜ የሚለካው ትዕዛዝ፣ ውጤታችሁ ዜሮ ፐርሰንት ኪሳራ እያለ አንዱ መልስ 3 ሚሊሰከንድ፣ ቀጣዩ 140 ሚሊሰከንድ ቢላችሁ ግራ አይግባችሁ።

ምን ያህል ይቆያል? ስካን ሁለት ዓይነት ነው። በአክቲቭ ስካን ካርዱ ቻናሉ ላይ ደርሶ «ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል። በፓሲቭ ስካን ዝም ብሎ ያዳምጣል። ራውተሮች መኖራቸውን የሚናገሩበትን ቢከን በተለመደው አሠራር በየ102.4 ሚሊሰከንዱ ነው የሚልኩት፤ ስለዚህ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ካርድ ምንም እንዳያመልጠው አንድ ቻናል ላይ ቢያንስ ያን ያህል መቆየት አለበት። የሊኑክስ ከርነል፣ የሥርዓቱ እምብርት፣ ውስጥ ያለው ማክ80211 የሚባለው ክፍል ስካኑን ራሱ ሲያካሂድ ለፓሲቭ ቻናል የሰከንድ አንድ ዘጠነኛ ይሰጣል፣ 111 ሚሊሰከንድ ገደማ። ለአክቲቭ ቻናል ጥያቄውን ከመላኩ በፊት 30 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ከላከ በኋላ ደግሞ ሌላ 30 ይቆያል።

አሁን ቻናሎቹን ቁጠሩ። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በብዙ አገሮች 13 ቻናል አለ። 5 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ ካርዱ ቀድሞ መናገር አይፈቀድለትም፣ ማዳመጥ ብቻ ነው የሚችለው። ሁሉም ክፍት በሆኑበት አገር 16 ናቸው። 16 ጊዜ 111 ሚሊሰከንድ ወደ 1.8 ሰከንድ ይመጣል፣ ከራዳሩ ቻናሎች ብቻ። 6 ጊጋኸርዝ የሚችል ካርድ ካላችሁ የሚታሰሰው ሜዳ ከዚህም ይሰፋል።

ደግነቱ ይህ ሁሉ ባንዴ አይሆንም። ማክ80211 ከተገናኘ ኔትወርክ ላይ ሆኖ ሲያስስ በየመሀሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚላክ ነገር ወረፋ ላይ ካለ፣ ወይም ቀጣዩን ቻናል ቢጨምር ከቤት የራቀበት ጊዜ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ የሚያልፍ ከሆነ፣ አሰሳውን ያቆምና ይመለሳል። የሰከንድ አንድ ስምንተኛ 125 ሚሊሰከንድ ነው። ፒንግ ላይ ደጋግማችሁ የምታዩት ከመቶ ምናምን የማያልፍ ዝላይ ከየት እንደሚመጣ አሁን ገባችሁ። ይሁንና ብዙ ካርዶች፣ ለምሳሌ የኢንቴሎቹ፣ ስካኑን ለራሳቸው ፈርምዌር፣ ካርዱ ውስጥ ለሚሠራው ሶፍትዌር፣ ነው የሚተዉት፣ ፈርምዌሩ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዲስትሮ እየተጠቀሙ አንዱ ምንም ሳይሰማው ሌላው የሚማረረው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

125 ሚሊሰከንድ ለፋይል ማውረድ ምንም አይደለም። ለድምፅ ግን ብዙ ነው። የድምፅ ጥሪ ብዙውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት ይልካል። ካርዱ ለ111 ሚሊሰከንድ ሲወጣ አምስት ፓኬት ይቆማል፣ ሲመለስ አምስቱም ተጋፍተው ይመጣሉ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 በተባለው ምክሩ ለጥሩ ንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይላል፤ ይህ ቁጥር ደግሞ ከአፍ እስከ ጆሮ ያለውን መንገድ በሙሉ የሚያጠቃልል ነው። ስካኑ ብቻውን አብዛኛውን ከበላው ለቀረው መንገድ ምን ይተርፋል?

መጀመሪያ ለኩ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ለኩ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። የዋይፋይ መዘግየት ብዙ አባት ያለው ነገር ነው፣ ስካን ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው።

ፒንግ የምታደርጉት ራውተራችሁን ይሁን፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰርቨር አይሁን። አይፒ ራውት የሚለው ትዕዛዝ ዲፎልት ብሎ የሚያሳያችሁ አድራሻ የራውተሩ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለው መንገድ የራሱ ችግር ሊኖረው ይችላል፣ አሁን ግን አየር ላይ ያለውን ቁራጭ ብቻ ነው የምንፈልገው። ፒንጉን በየ0.2 ሰከንድ አድርጉት፣ ሰረዝ አይ 0.2 ማለት ነው። በነባሪ በየሰከንዱ ነው የሚልከው፤ ያ ደግሞ ለመቶ ሚሊሰከንድ የሚቆይን ነገር ለመያዝ በጣም ሰፊ ነው። ሰረዝ ትልቁን ዲ ጨምሩበት፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ ሰዓት ይጽፍላችኋል።

ከዚያ ሁለተኛ ተርሚናል ክፈቱና አይደብሊው ኢቨንት ሰረዝ ቲ በሉ። ይህ ትዕዛዝ ከርነሉ ስለ ዋይፋይ የሚናገረውን ሁሉ ከነሰዓቱ ያሳያል፤ ስካን ሲጀመር ስካን ስታርትድ፣ ሲያልቅ ስካን ፊኒሽድ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተዉአቸው። ፒንጉ በዘለለ ቁጥር ስካን ተጀምሮ ከሆነ ሌባው ተያዘ። ፒንጉ እየዘለለ አይደብሊው ዝም ካለ ግን ስካን አይደለምና ከዚህ በኋላ የምለው በሙሉ አይጠቅማችሁም፤ ወደ ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ሂዱ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥራቸው። አንዱ የካርዱ ኃይል ቁጠባ ነው። ይሄኛው በየተወሰነ ደቂቃ የሚመጣ ዝላይ አያሳይም፤ በተለይ ኮምፒውተሩ ብዙ ሳይሠራበት ሲቀር ፒንጉ ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ ይላል። በአይደብሊው ፓወር ሴቭን ኦፍ አድርጋችሁ ልዩነቱን ወዲያው ታያላችሁ። ኔትወርክማኔጀር ላይ በቋሚነት ለማጥፋት ዋይፋይ.ፓወርሴቭ የሚለውን 2 አድርጉት። ሌላው የመስመር መጨናነቅ ነው፤ ትልቅ ፋይል ሲላክ ብቻ የሚመጣ መዘግየት ከሆነ ወረፋ ነው። የብሉቱዝ ማዳመጫ አድርጋችሁ ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከሆነም ሁለቱ አንድ ባንድ፣ አንድ የሬዲዮ ሞገድ ክልል፣ እየተሻሙ ነው፣ ዋይፋዩን ወደ 5 አዛውሩት።

ጠያቂውን መፈለግ

እሺ፣ ስካን መሆኑን አረጋገጥን። ማን አስደረገው? በዝላዮቹ መካከል ያለው ጊዜ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

በብዙ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ላይ ዋይፋዩን የሚያስተዳድረው ኔትወርክማኔጀር ነው፣ ከሥሩ ሆኖ ከካርዱ ጋር የሚነጋገረው ደግሞ ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት ነው። ኔትወርክማኔጀር በየጊዜው ስካን ያደርጋል እየተባለ ብዙ ይታማል። ከኔትወርክ ጋር ከተገናኛችሁ በኋላ ግን በራሱ ተነሥቶ በየጊዜው ማሰሱን ይተዋል፣ ሥራውን ለሰፕሊካንቱ ቢጂስካን በሚባል መመሪያ አሳልፎ ይሰጣል። መመሪያው ሦስት ቁጥር አለው፦ አጭር ጊዜ፣ የሲግናል ወሰን፣ ረጅም ጊዜ። ሲግናሉ ከወሰኑ በላይ ከሆነ በረጅሙ ጊዜ ይታሰሳል፣ ከወሰኑ በታች ሲወርድ በአጭሩ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ትንሽ ታገሡኝ። ኔትወርክማኔጀር የሚሰጠው መመሪያ ሁለት ዓይነት ነው። በተገናኛችሁበት የኔትወርክ ስም አንድ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም አንድ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ጣቢያ፣ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ 30 ሰከንድ፣ ከዜሮ በታች 70 ዲቢኤም (የሲግናል መለኪያ ነው፣ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ሲግናሉ ይጠነክራል)፣ 86400 ሰከንድ ይላል። 86400 ሰከንድ አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ሲግናሉ ጥሩ እስከሆነ ድረስ በተግባር አይታሰስም ማለት ነው። በዚያው ስም ከአንድ በላይ አክሰስ ፖይንት አይቶ ከሆነ ወይም ኔትወርኩ በተጠቃሚ ስም የሚገባበት የድርጅት ዓይነት ከሆነ ግን 30 ሰከንድ፣ ከዜሮ በታች 65፣ 300 ሰከንድ ይሆናል። ይህኛው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው እየተራመዳችሁ ነው ብሎ ያስባል።

ቤት ውስጥ አንድ ራውተር ብቻ ያለው ሰው ታዲያ ለምን ይቸገራል? ምክንያቱም ራውተሩ በአንድ ስም ሁለት ባንድ ያሰራጫል። የ2.4ቱ እና የ5ቱ መለያ አድራሻ፣ ቢኤስኤስአይዲ የምንለው፣ የተለያየ ነው። ለኔትወርክማኔጀር ሁለት አክሰስ ፖይንት ናቸው። ስለዚህ አንድ ራውተር ያለው ቤት እንደ ትልቅ ሕንፃ ተቆጥሮ፣ ሲግናሉ ጥሩ ሆኖም እንኳ በየ5 ደቂቃው ይታሰሳል። ወንበራችሁ ያለው ሲግናሉ ከዜሮ በታች 67 በሚሆንበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ወደ 30 ሰከንዱ ይገባል። 67 መጥፎ ሲግናል አይደለም! ፋይሉ በደንብ ይወርዳል፣ ምልክቱ ላይም ደካማ አይመስልም፣ ስካኑ ግን ይመጣል።

የ30 ሰከንዱ ሩጫ ማብቂያ አለው። ሰፕሊካንቱ አጭሩን የሚቀጥለው የረጅሙን ጊዜ ያህል ነው፣ የተሻለ ነገር ካላገኘ ወደ ረጅሙ ይመለሳል። በ300ው መመሪያ ከ5 ደቂቃ ትንሽ አልፎ ይረጋጋል። በ86400ው መመሪያ ሲግናላችሁ ከ70ው ወሰን በታች ከወረደ ግን ቀኑን ሙሉ በየ30 ሰከንዱ ማሰስ ይችላል። ይህ ሁለተኛው ሁኔታ ነው ሰውን በጣም የሚያማርረው፤ መድኃኒቱም ከሴቲንግ በፊት ሲግናሉን ማሻሻል ነው። ራውተሩን አንሡና ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት። ወሰኑን ካለፋችሁ ስካኑ በራሱ ጋብ ይላል።

ሁለተኛው ጠያቂ የተከፈተ መስኮት ነው። የኔትወርክ ዝርዝር የሚያሳይ ሴቲንግ ወይም አፕሌት፣ ባሩ ላይ ያለው ትንሽ ፕሮግራም፣ ክፍት ሲሆን ዝርዝሩን ለማደስ በየጊዜው ስካን ይጠይቃል። መስኮቱን ሌላ ዴስክቶፕ ላይ ክፍት ትታችሁ ረስታችሁት ይሆናል። ዝጉት፣ አለቀ።

ሦስተኛው ስክሪፕት ነው። የስክሪናቸውን ጠርዝ ባር ራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች፣ ስሙኝ። የዋይፋይ ስምና ሲግናል ለማሳየት ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ዋይፋይ የሚለውን የኔትወርክማኔጀር ትዕዛዝ በየጥቂት ሰከንዱ የሚጠራ ስክሪፕት በጣም የተለመደ ነው። ይህ ትዕዛዝ በነባሪ፣ ያለው ዝርዝር ከ30 ሰከንድ በላይ ካረጀ አዲስ ስካን ያስደርጋል። ማንበብ ብቻ ይመስላችኋል እንጂ ካርዱን እየላካችሁት ነው። ሪስካን ኖ የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት። ወይም አይደብሊው ሊንክ ተጠቀሙ፤ የተገናኛችሁበትን ስምና ሲግናል ሳያስስ ይሰጣችኋል። በዙሪያው ያለውን ሁሉ ማየት ከፈለጋችሁም አይደብሊው ስካን ደምፕ ከርነሉ አስቀድሞ ያጠራቀመውን ነው የሚያነበው፣ አዲስ አያስደርግም።

አራተኛው የቦታ አገልግሎት ነው። ጂኦክሉ የሚባለው አገልግሎት ያላችሁበትን ቦታ በዙሪያችሁ ካሉ አክሰስ ፖይንቶች ይገምታል፣ ለዚያም ስካን ይፈልጋል። የአየር ጠባይ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ ማታ የስክሪን ቀለም የሚቀይር ፕሮግራም፣ ብራውዘር፣ ሁሉም ሊጠሩት ይችላሉ። ለዓመታት በነባሪ ይጠቀምበት የነበረው የሞዚላ የቦታ አገልግሎት በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ሌላ ካልተተካለት የዋይፋዩ ክፍል ለእናንተ የሚሰጠው ጥቅም የለም። የጂኦክሉ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ዋይፋይ በሚለው ክፍል ኢኔብልን ፎልስ አድርጉት።

አምስተኛው የቆየ ነው፣ ግን አልጠፋም። ኪውት 5 በሚባለው የፕሮግራም መሥሪያ የተሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች ቤረር በሚባል ክፍል በኩል የኔትወርኮችን ሁኔታ በነባሪ በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃሉ። ዝላዩ ልክ በየ10 ሰከንዱ ከሆነ እና አንድ የተወሰነ ፕሮግራም ሲዘጋ የሚቆም ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። ኪውት ቤረር ፖል ታይምአውት የሚለውን ኢንቫይሮንመንት ቫርያብል ከዜሮ በታች 1 ስታደርጉት ይቆማል። ኪውት 6 ላይ ያ ክፍል ተነሥቷል።

በግምት መሄድ ካልፈለጋችሁ፣ ባትሄዱም እመርጣለሁ፣ ጠያቂውን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፕሮግራሞቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በዲባስ ነው። እንደ ሩት፣ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ተጠቃሚ፣ ሆናችሁ ዲባስ ሞኒተርን በሲስተም አማራጭ አስነሡና ስካን ሲጀመር ምን እንዳለፈ እዩ። ሪኩዌስትስካን የሚል ጥሪ ወደ ኔትወርክማኔጀር ከሄደ፣ የላከው ፕሮግራም ቁጥር እዚያው ተጽፏል፤ ያን ቁጥር በባስሲቲኤል ሊስት ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት፣ ስሙን ይነግራችኋል። ከኔትወርክማኔጀር ሌላ የሆነ ፕሮግራም በቀጥታ ሰፕሊካንቱን ስካን ካለው ጂኦክሉ ሊሆን ይችላል። አይደብሊው ኢቨንት ስካን ተጀመረ እያለ ዲባስ ላይ ምንም የስካን ጥሪ ካላለፈ ግን ጥያቄው የመጣው ከሰፕሊካንቱ ከራሱ ነው፣ ቢጂስካን ማለት ነው፤ ወይም እንደ ሩት የሚሠራ አንድ ስክሪፕት በቀጥታ ከርነሉን ጠይቋል።

ማስቆም

ጠያቂው አፕሌት፣ ስክሪፕት ወይም ጂኦክሉ ከሆነ ከላይ ያልኩት ይበቃል። አሁን የቀረው ቢጂስካን ነው።

ኔትወርክማኔጀር ለምትጠቀሙ ቀላሉ መንገድ ግንኙነቱን ከአንድ ቢኤስኤስአይዲ ጋር መቆለፍ ነው። በአይደብሊው ሊንክ የተገናኛችሁበትን የአክሰስ ፖይንት አድራሻ ታገኛላችሁ። ከዚያ በኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ የግንኙነታችሁን ስም ጠርታችሁ ቢኤስኤስአይዲ የሚለው ላይ ያን አድራሻ አስገቡ፣ ግንኙነቱን አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩት። በግራፊክ መስኮቱም ይቻላል። ኔትወርክማኔጀር የተቆለፈ ግንኙነት ሲያይ የሚዛወርበት ስለሌለ ለሰፕሊካንቱ የቢጂስካን መመሪያ አይሰጥም። ይህ የተደበቀ ዘዴ አይደለም፣ የኔትወርክማኔጀር መመሪያ ራሱ መቆለፍ ከጀርባ የሚደረገውን ስካን እንደሚያጠፋ ይናገራል።

ዋጋው ግን አለ። የምትቆልፉት ከአንድ ባንድ ጋር ነው። 5ቱን ቆልፋችሁ ኮምፒውተሩን ሲግናሉ ወደማይደርስበት ክፍል ብትወስዱት ወደ 2.4 አይወርድላችሁም፣ ይቋረጣል። ራውተሩ ሲቀየርም አድራሻው አብሮ ይቀየራልና «ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ለምን እምቢ አለ» ብላችሁ እንዳትደናገጡ። ብዙ አክሰስ ፖይንት ባለበት ቢሮ ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ ለሚዞር ሰው ይህን አልመክርም። ሌላም ነገር አለ፦ መቆለፍ ቢጂስካንን እንጂ ሌላ ፕሮግራም በግልጽ የሚጠይቀውን ስካን አያስቆምም። ቆልፌም አልጠፋልኝም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የረሳው አፕሌቱን ነው።

አፕሌቱን መዝጋት የማትችሉ ከሆነ ፖልኪት በሚባለው የፈቃድ ተቆጣጣሪ በኩል ፈቃዱን መንሳት ይቻላል። ኔትወርክማኔጀር ለዋይፋይ ስካን የተለየ ፈቃድ አለው፣ በኤንኤምሲኤልአይ ጄኔራል ፐርሚሽንስ ዝርዝሩ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ለራሳችሁ ተጠቃሚ ይህን ፈቃድ የሚከለክል አጭር ሕግ በፖልኪት የሕግ ፎልደር ውስጥ ስታስቀምጡ ጥያቄው ይመጣል፣ ይከለከላል፣ ካርዱ አይነካም። ሰፕሊካንቱን በቀጥታ የሚጠራውን ግን ይህ ሕግ አያግደውም። ከባድ መሣሪያ ስለሆነ ሌላው ሁሉ ሲያቅት ነው የምጠቀምበት።

ሰፕሊካንቱን ያለ ኔትወርክማኔጀር የምትጠቀሙ ከሆነ ነገሩ ሁሉ በእጃችሁ ነው። ቢጂስካን ካልጻፋችሁ አይኖርም። ሮሚንግ፣ ማለትም ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው መዛወር፣ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን ሁሉንም ከማጥፋት የተሻለ መንገድ አለ፣ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው፦ የሚታሰሱትን ቻናሎች መቀነስ። በሰፕሊካንቱ ማስተካከያ ፋይል፣ በኔትወርኩ ክፍል ውስጥ ስካን ፍሬክ በሚለው ላይ አክሰስ ፖይንቶቻችሁ ያሉባቸውን ፍሪኩዌንሲዎች ብቻ ጻፉ። ሁለት አክሰስ ፖይንት በቻናል 36 እና 44 ላይ ካላችሁ 5180 እና 5220 ትጽፋላችሁ። ሲምፕል የሚባለው ቢጂስካን ይህን ዝርዝር ያከብራል። ከሠላሳ በላይ ቻናል ይዞር የነበረው ካርድ አሁን አንዱ ላይ ራሱ አለ፣ ሌላውን አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ አይቶ ይመለሳል። ሮሚንጉ ይሠራል፣ መዘግየቱ ግን ወደማይሰማ ደረጃ ይወርዳል። ቻናሎቹን በራውተሩ በኩል ቋሚ ማድረግ እንዳትረሱ፤ ራውተሩ በራሱ ቻናል የሚቀይር ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ ቦታ ያሳስሳችኋል። ለርን የሚባልም ሌላ ቢጂስካን አለ፣ ኔትወርኩ በየትኞቹ ቻናሎች እንደሚገኝ እያጠና ፋይል ላይ ያስቀምጣል።

በሰፕሊካንቱ ፈንታ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን አይደብሊውዲ የምትጠቀሙ ደግሞ የተለየ ባሕርይ ታያላችሁ። አይደብሊውዲ በየጊዜው የሚያስሰው ሳይገናኝ ነው። ከተገናኘ በኋላ ሲግናሉ ከወሰን በታች ካልወረደ ዝም ይላል። ወሰኑ በነባሪ ለ2.4 ጊጋኸርዝ ከዜሮ በታች 70፣ ለ5 ጊጋኸርዝ ከዜሮ በታች 76 ነው። ሮም ትሬሾልድ በሚሉት ሴቲንጎች ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ዲሴብል ሮሚንግ ስካን የሚለውን ትሩ ካደረጋችሁም ጨርሶ ይተወዋል። አክሰስ ፖይንቱ 802.11ኬ የተባለውን፣ ስለ ጎረቤት አክሰስ ፖይንቶች የሚያሳውቅበትን ደንብ፣ የሚችል ከሆነ ደግሞ አይደብሊውዲ ማሰስ ሲፈልግ መጀመሪያ «ጎረቤቶችህ የትኞቹ ቻናል ላይ ናቸው» ብሎ ይጠይቀዋል፣ በቅድሚያ የተነገረውን ያያል። ከላይ በእጅ የጻፍነውን የፍሪኩዌንሲ ዝርዝር አክሰስ ፖይንቱ ራሱ ሰጠው ማለት ነው። የቢሮ ኔትወርክ የምታስተዳድሩ ሰዎች ይህን አብሩት። ተጠቃሚዎቻችሁ ምን እንደተደረገ ሳያውቁ የጥሪያቸው ድምፅ ጥርት ይላል።

ከጠረጴዛው ለማይነሣ ኮምፒውተር ገመድ ከተገኘ ገመዱን ሰኩት፣ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመለከታችሁም። ዙሪያውን ሁልጊዜ መከታተል ሥራችሁ ከሆነ ደግሞ ለማሰስ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ የዩኤስቢ ካርድ ያዙ፣ ዋናው ካርድ ቤቱ ይቀመጥ።

አንዱን ከቀየራችሁ በኋላ ሌላውን ከመንካታችሁ በፊት ሁለቱን ተርሚናሎች እንደገና ክፈቱ። አሥር ደቂቃ ያህል ተዉአቸው፤ የ300 ሰከንዱ ስካን ካለ በዚያ ጊዜ ውስጥ መታየቱ አይቀርም። አይደብሊው ኢቨንት ዝም ካለ የጠየቀውን አግኝታችሁታል፣ በዚያው አቁሙ። ላፕቶፑ ቤትም ሌላ ቦታም የሚውል ከሆነ ቁልፉን የቤቱ ግንኙነት ላይ ብቻ አድርጉት። ኔትወርክማኔጀር ቢኤስኤስአይዲውን የሚያስቀምጠው በየግንኙነቱ ስለሆነ የሌላው ቦታ ሮሚንግ እንደነበረ ይቀጥላል። ቁልፉን ለማንሣት ያንኑ ትዕዛዝ በባዶ ዋጋ መድገም ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ በተለይ ዲባስ ላይ ያልጠበቃችሁት ስም ያገኛችሁ ካላችሁ ከእናንተ እንጀምር።